ኩል መሆን በደብረ ብርሃን

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የምሸጠው ብርድ ልብስ ነው። ይህን ከነገርኳችሁ ስለ ብርድ ለማውራት ሌላ ምስክር የምትጠሩብኝ አይመስለኝም። ሌላው የከተማችን ሰው ማለዳ ከቤቱ ሲወጣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ብርዱን ይረግማል። እኔ ሱቄን እየከፈትኩ በሆዴ ተመስገን እላለሁ። ፀሐይዋ ጠንከር ባለች ቀን ጎረቤቶቼ ግድግዳ ተደግፈው ሲሞቁ የእኔ ፊት ብቻ ይጠቁራል። ሰው እንጀራው ወዳለበት ነው የሚያደላው፤ ምን ይደረግ።

ስለዚህ ልጄ ሕይወት “ኩል” የሚባል ቃል ይዛ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ማለት ነው፤ ይህን እኔም ተምሬዋለሁ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ የሚያገለግለው ለውሃ፣ ለአየርና ለጥላ ብቻ ነበር። ትምህርቴን ትቼ ንግድ ከገባሁ ወዲህ ግን ቃሉም እንደ እኔ ሌላ ሌላ ሥራ ጀምሯል።

የሱቁን በር አረንጓዴ ቀለም አስቀብቼ እንዴት ነው ብላት “ኩል ነው” አለች። በበሩ ንፋስ የሚገባ መስሎኝ ስንጥቁን በጣቴ ፈለግኩ። ዋጋ ከሚያወርድብኝ ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ደርሳ፣ አባዬ ኩል በል አለችኝ። ለምሳ ሽሮ ነው ያለን ስላት “ኩል” ብላ ቁጭ አለች፤ ሽሮው ድስቱ ውስጥ እየተንተከተከ ክዳኑን ያነሳል። የጓደኛዋ ጫማ ኩል ነው። አለቃዋ ሳይቆጣት ከዋለ ቀኑ ኩል ነበር። ቀጠሮ የቀረባት ጊዜ እንኳ ታኮርፋለች ብዬ ስጠብቅ “በቃ፣ ኩል” ብላ ጫማዋን አወለቀች።

አንድ እሑድ አስቀምጬ ይህን ቃል አስረጂኝ አልኳት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት፤ በእኔ ላይ ያላት ትዕግሥትም ደህና ነው። አየሩ ብዙ ሳይበርድ ደስ ሲል ኩል ይባላል አለች። ሰው ሳይደነግጥና ሳይቆጣ ረጋ ካለም ኩል ነው። ሰው ፊት ሲነሳህ፣ ሰላምታውን ቆንጥሮ ሲሰጥህም ኩል ሆነብኝ ይባላል። ያማረ ነገር ኩል ነው፤ እሺ ለማለትም ኩል ይበቃል፤ ገንዘብ እንኳ ሚሊዮን ሲደርስ ኩል ሚሊዮን የሚሉት ሰዎች አሉ አለች። እዚህ ላይ አላስቻለኝም። የተደሰተም ኩል፣ ያኮረፈም ኩል፣ እሺ ያለም ኩል። ይህን ሁሉ ሸክም ለአንድ ቃል አሸክመው ሌሎቹን ቃላት ምን ሊያሠሯቸው ነው?

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በእኛ አማርኛ ጥሩ ነገር የሚኖረው ከሙቀት ጋር ነው። ሠርግ ይሞቃል፣ ጨዋታ ይሞቃል፣ እንግዳን ሞቅ ባለ ሰላምታ ይቀበሉታል። ገበያ ሲጠፋ ግን ቀዘቀዘ ነው የሚባለው፤ ፍቅርም ሲያልቅ እንደዚያው። ሰውየው ቀዝቃዛ ነው ከተባለማ ልጁን የሚድርለት የለም። የእንግሊዞቹ አገር ብርድ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ እየተንቀጠቀጡ ብርድን ማሞገሳቸው ከደግነት ይሆናል። ይህን ለሕይወት ስነግራት ትንሽ አሰበችና፣ እኔ ስናደድ አንተ በረድ በይ ትለኝ የለ እንዴ አለችኝ። እውነቷን ነው። ንዴት ሲበርድ፣ ጠብ ሲበርድ ደስ ይላል። ያን ቀን ረታችኝና ኩል አልኳት።

አሁን ወደ ቢንያም ልምጣ። ቢንያም የአዳማ ልጅ ነው። አዳማ ሰው መስኮት ከፍቶ፣ አንሶላ ገፎ የሚተኛበት አገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ከተማችን ሲገባ መጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ሱቄ ነው የመጣው፣ ከንፈሩ ዐመድ መስሎ፣ ሻንጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ።

በእኛ ሥራ ብርድ ልብስ ግዙኝ ተብሎ አይለመንም፤ ይደረባል። ገዢው ስለ ዋጋ አፉን ሳይከፍት አንስተህ ትከሻው ላይ ጣል ታደርግለታለህ። አንዴ የሞቀው ሰው አውልቆ አይሄድም። ይህን ሙያ ከአባቴ ነው የወረስኩት፤ ስለለመደብኝ እጄ አሁን የእኔን ፈቃድ አይጠይቅም። የሚንቀጠቀጥ ሰው ካየ ራሱ ይነሳል።

ለቢንያምም ደረብኩለት፤ ገዛ። በሳምንቱ መጥቶ ሌላ ገዛ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ሌላ። ልጁ አሳዘነኝ። እንዲህ የሚበርደው ደሙ ቢያንስ ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርት በማር እንዲበላ መከርኩት፣ ዋጋም ቀነስኩለት። የሚመጣው ሕይወት ሱቅ በምትውልባቸው ቀናት ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ልጁ ተመርቆ ከሄደ በኋላ፣ ክረምት ከበጋ ስልኳ ሲጠራ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ። ልጄን ሊወስድ የመጣውን ሰው በቅናሽ ሳስተናግድ ኖሬያለሁ። ለመሆኑ ምን ዓይነት ልጅ ነው ብዬ ስጠይቃት “ኩል ነው” አለችኝ። እሱንስ እኔም አላጣሁትም፤ ስንት ብርድ ልብስ ሸጬለት!

ባለፈው ኅዳር ቢንያም ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ነገረችኝ። እዚህ ላይ ሆዴን ልክፈትላችሁ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። ሱቄን ዘግቼ ስገባ መብራት በርቶ የማገኘው በእሷ ነው። ቢንያም ሥራ የያዘው አዳማ ስለሆነ ካገባችው ትሄዳለች። ልጁን አልጠላሁትም፤ መሄዷን ነው የጠላሁት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ዘመድ እናማክር ይባልና ሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ደንብ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። እኔ በዚህ ደንብ ልከለል አሰብኩ። ዘመድ እያማከርኩ ጥርን ካሳለፍኩ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ሠርግ የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ያልተማከረ ዘመድ አይጠፋም። ዘመዶቼ ከአንኮበር እስከ ሰላ ድንጋይ ናቸው፤ ሁሉም የሚናገሩት ብዙ ነው።

ሕይወት ግን የማስበውን ከፊቴ ታነባለች። ቀኑ ሲቃረብ ሱቅ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ የኮቴን ቁልፍ እየነካካች። “አባዬ፣ አደራህን፣ ጥርን እንዳታሳልፍብን” አለችኝ። “ብቻ ኩል ሁን።” የትኛውን ኩል ልሁን ብዬ ልጠይቃት ስል ስልኳ ጠራና ወጣች። እርጋ ማለቷ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህን ያህል ትርጉም ካለው ቃል ላይ ግን ሰው የሚጠቅመውን ቢመርጥ ማን ይከሰዋል? እኔ ፊት መንሳቱን መረጥኩ። ሽማግሌዎቹ የቀዘቀዘ ቤት አይተው እንዲመለሱ፣ ሲመለሱም እንዳይቸኩሉ።

ፊት መንሳት ለነጋዴ ከባድ ነው። ዕድሜ ልኬን ለደንበኛ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጉንጬ መኮሳተር አያውቅበትም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ልምምድ ጀመርኩ። ቅንድቤን ሰበሰብኩ፣ ከንፈሬን ገጠምኩ፣ ሰላም ለሚለኝ ሁሉ አንገቴን ብቻ እነቀንቅ ጀመር። መጀመሪያ የደረሱብኝ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ምን ሆነሃል አሉኝ። ምንም አልኳቸው። በእኛ ሰፈር ምንም ማለት ከባድ ነገር አለ ማለት ነው። አሞሃል ሲሉኝ አላመመኝም አልኩ። ሰው ሞተብህ ሲሉኝ ዝም አልኩ፤ ኩል ሰው ለጥያቄ ሁሉ አይመልስም ብዬ። እትዬ አስካለ ደረታቸውን ይዘው ወጡ።

እውነቱን እንዳልነግራቸው የጋብቻ ነገር ሳይጠና አይወራም። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ በሹክሹክታ ሰላም ይለኝ ጀመር። ያቺ ልጅ ሰምታለች ወይ እየተባባሉ ሕይወትን በሐዘኔታ ያዩዋታል። አንዱ ጎረቤቴ፣ ሳንቲም ሳይከራከር የማይገዛው ሰው፣ የጠየቅኩትን ከፍሎ አይዞህ ብሎኝ ሄደ። በዚያ ሳምንት ጥሩ ሸጥኩ። ፊት መንሳት ለንግድ እንዲህ የሚበጅ ከሆነ እስከ ዛሬ መሳቄ ከንቱ ነበር ብዬ ቆጨኝ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ታላቅ ወንድሜ ከአንኮበር መጣ። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ወንድም ጋሼ የማያውቀው ደንብ የለም፤ የማያውቀው ሲገጥመው ደግሞ ራሱ ይደነግጋል። ከአንኮበር ወዲህ ያለው አገር ሁሉ ደንብ የጠፋበት ይመስለዋል። ሕይወት እግሩን አጥባ ስታበቃ፣ አባዬን ኩል ሁን በልልኝ ብትለው፣ ኩልማ ለዓይን ነው፣ ወንድ አይኳልም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ከዚያ እኔን ለብቻዬ ይዞ ያስተምረኝ ጀመር። ሽማግሌ በረንዳ ላይ ነው የሚቆመው፤ እሺ ሳይባል ቤት አይዘልቅም። ተቀመጡ የሚባለው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። እነሱም ደንብ የሚያውቁ ከሆነ አይቀመጡም። ከዚያ የልጁ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ዝምድና እንዳይኖር። ከሁሉ አብልጦ ያስጠነቀቀኝ ግን አንድ ነገር ነው።

“ከእጅህ ምንም ነገር እንዳይወጣ፤ ውሃም ቢሆን” አለኝ። “ሽማግሌ ከባለ ልጅ እጅ አንድ ነገር ከተቀበለ ልጅቱን ተቀበለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ላማክር ብትል የሚሰማህ የለም።”

ይህኛው እንኳ ፈጠራው አይደለም፤ አባታችንም ሲናገሩት ሰምቻለሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እውላለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

ቅዳሜ ማለዳ ውርጩ የግቢውን ሣር አንጥቶት ነበር። የቧንቧው ውሃ ረግቶ አልወርድ ብሏል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ደረሱ። የሚመሯቸው የቢንያም አጎት አቶ ደምሴ ናቸው፤ ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው። ሦስቱም እኛን ለማክበር ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ሙሉ ልብሱ ግን የአዳማ ነው፤ ንፋስ ሲመጣ እንደ መጋረጃ ይነሳል። ጋቢ ያዙ፣ ያ አገር ቀልድ አያውቅም ብሎ ቢንያም ነግሯቸው ነበር አሉ። ልጅ ያጋንናል ብለው ተዉት።

በረንዳ ላይ ተገናኘን። ወንድም ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀመጡ አላቸው። አቶ ደምሴ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወንድም ጋሼ ፊቱ በራ፤ ደንብ የሚያውቅ ሰው አገኘ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ያንን የተለማመድኩትን ፊት አድርጌ ቆምኩ። አቶ ደምሴ ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው፣ በጣም ባማረ አነጋገር። የመጨረሻዎቹ ቃላት ላይ አገጫቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሰባት ቤት ቆጠራ ተጀመረ። አቶ ደምሴ የቢንያምን አባት ጠሩ፣ አያቱን ጠሩ፣ ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርሱ ጥርሳቸው እርስ በርሱ እየተጋጨ ስሙን ቆራረጠው። ወንድም ጋሼ አልሰማሁም፣ ከአያቱ ይድገሙልኝ አለ። እንደገና ጀመሩ። ወልዴ አሉ። ሀብቴ አሉ። ከሀብቴ በኋላ ያለው ሰውዬ ስም እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አቶ ደምሴ በጥርሳቸው ነው የጠሩት። ንፋሱ ዓይናቸውን እየመታው እንባ በጉንጫቸው ይወርዳል። ከኋላቸው የቆሙት ሁለቱ እርስ በርስ ተጠጋግተዋል፤ አንደኛው ክራቫቱን ጆሮው ላይ ለማድረስ ይሞክራል። ወንድም ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዘንጉን ተደግፎ፣ ቀስ ይበሉ፣ ጊዜ አለን ይላል።

ይህን ሁሉ እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ ያያሉ። እሳቸው ባሉበት ሆናችሁ እዩት እንግዲህ። ጥቁር የለበሱ ሦስት እንግዶች ማለዳ መጥተዋል፤ ቆመዋል፣ አልተቀመጡም። አንደኛው እንባቸው እየወረደ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሰው ስም ተራ በተራ ይጠራሉ። በእኛ አገር ማለዳ በሽማግሌ የሚመጣ ነገር ሁለት ነው፤ ወይ ጋብቻ ነው ወይ መርዶ። እትዬ አስካለ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የእኔን ፊት ሲያዩ ሰንብተዋል።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ዕድሩን የሚጠሩት ሰውዬ ጥሩንባቸውን ይዘው። እትዬ አስካለ በቀጥታ ወደ አቶ ደምሴ ሄዱና፣ እነዚህ የጠሯቸው ሁሉ ሞቱ ብለው ጠየቁ። አቶ ደምሴ ዘር የሚያጣሩ የልጅቱ ዘመድ መሰሏቸው።

“አዎ፣ እመቤቴ” አሉ፣ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው። “አንድም የቀረ የለም።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ዘር አለቀ ተባለ። ግቢው በለቅሶ ተናጋ። ጥሩንባው ሁለቴ ተነፋ፤ ሦስተኛውን ወንድም ጋሼ ዘንጉን አንስቶ ነው ያስቀረው። ከኋላ የቆሙት ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በዚህ አገር ልጅ ሲጠየቅ ይለቀሳል ማለት ነው ብለው መሰለኝ፣ አንገታቸውን አቀርቅረው አብረው አዘኑ። ወንድም ጋሼ በለቅሶው መሐል፣ ዝም በሉ፣ ቆጠራው አላለቀም እያለ ይጮኻል። እኔ ሰው አልሞተም ልል አፌን ብከፍት ማንም አልሰማኝም፤ ይብላኝለት ለእሱ እያሉ እኔኑ ይደግፉኛል።

በዚህ ግርግር መካከል ዓይኔ አቶ ደምሴ ላይ ዐረፈ። ከንፈራቸው ልክ ያን ጊዜ የቢንያም እንደነበረው ዐመድ መስሏል። ትከሻቸው ይንዘፈዘፋል። በረንዳው ጥግ ለሱቅ የማወጣው ባና ተከምሯል፤ መንዞች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት፣ ዝናብ የማያልፈው ወፍራም ልብስ። እጄ ከኪሴ መቼ እንደወጣ አላወቅኩም። ያወቅኩት ባናው አቶ ደምሴ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ ጫፉን አንገታቸው ሥር እየወተፍኩ፣ ይህ እንኳ የታጠበ ነው፣ አይቧጥጥም ስል ነው።

ከኋላ የቆሙት ሁለቱ ቀና አሉ። አንደኛው ተቀበልን አለ። ሁለተኛው ተቀበልን እያለ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሳልጠይቀው ከክምሩ ላይ ለራሱ አንድ ባና አነሳ። እትዬ አስካለ ነገሩ ሲገባቸው ለቅሶውን ባላወቅኩት መንገድ በአንድ ትንፋሽ ወደ እልልታ ለወጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው ሲለብሱ ጊዜ እንኳ እልልታው አልተቋረጠም።

ወንድም ጋሼ ዘንጉን ወለሉ ላይ መታ። ይህ አይቆጠርም አለ። ሰውየው ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው፣ ለሚንቀጠቀጥ ሁሉ ይደርባል፣ ይህ ልማዱ እንጂ ቃሉ አይደለም ብሎ ተከራከረልኝ። እውነቱን ነበር።  አቶ ደምሴ ሞቅ እያላቸው ነበር፤ አገጫቸው ቆሟል። ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ።

“ያለበሱኝ ለብርዱ ነው ወይስ ለልጅቱ?” አሉኝ።

ለልጅቱ ብል ልጄን በአንድ ባና ሸኘኋት ማለት ነው። ለብርዱ ብል ሰውየውን አሳፈርኳቸው። መዋሸት ግን አልቻልኩም። ለብርዱ ነው አልኳቸው።

አቶ ደምሴ አልተቆጡም። ባናውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጥንቅቅ አድርገው አጠፉት፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኝተው፣ በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። “እኛ የመጣነው ልንለምን ነው” አሉ። “እጅዎ ስላመለጠዎት ልጅ ይዘን አንሄድም። እንቆማለን።” ብለው ተመልሰው እዚያው ንፋሱ ላይ ቆሙ። ሁለቱ ባልንጀሮቻቸውም ተነሱ፤ ያኛው ባናውን ሲመልስ ክፉኛ እንደከበደው ያስታውቅ ነበር።

የፈለግኩትን አገኘሁ። ባናው እጄ ላይ ነው፤ ልጄ ቤቴ ውስጥ ናት፤ የቀረኝ ዘመድ እናማክር ማለት ብቻ ነው። ወንድም ጋሼ በል እንጂ እያለ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ልናገረው ዞር ስል የሳሎኑን መጋረጃ አየሁ። ከመጋረጃው ሥር የሕይወት እግር ይታያል። ሳትጠራ መውጣት ደንቡ ስላልሆነ እዚያ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ለቅሶውን ሰምታለች፣ እልልታውን ሰምታለች፣ ለብርዱ ነው ስል ሰምታለች።  የአንዱ እግሯ ጣት ብቻ በሌላው እግሯ ላይ ወጥቷል። ልጅ ሆና ይቆጣኛል ብላ ስትፈራ እንደዚያ ነበር የምትቆመው።

እሷ እኔን ፈርታ ቆማ አየኋት። ይህን መቻል አልቻልኩም። የምትሄደው ደግሞ ወደ እነዚህ ሰዎች ነው፤ በስህተት እጃቸው የገባውን አጥፈው ወደሚመልሱ፣ መልሰውም ወደሚንቀጠቀጡ። ልጄን ከዚህ የተሻለ ቤት የትኛው ዘመድ ቢማከር ነው የማስገባት? ብቻዬን መቅረቴን ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ፈራሁም፣ ወደ አቶ ደምሴም ተራመድኩ።

ባናውን ዘረጋሁት። አሁን እጄ በራሱ አልተነሳም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ከበደኝም። ትከሻቸው ላይ አደረግኩላቸው።

“የአሁኑ ለልጅቱ ነው” አልኳቸው።

አቶ ደምሴ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ያዝኳቸው። እትዬ አስካለ እልልታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። የዕድሩ ሰውዬ ጥሩንባቸውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ከኋላቸው ደበቁት። ከመጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች ጠፉ፤ ውስጥ አንድ ሰው ሲሮጥ፣ ሲመለስ፣ ብርጭቆ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሰዎቹን ቤት አስገባን። ፀሐይም ወጥታ በረንዳው ላይ ማረፍ ጀምራለች።

እኔና ወንድም ጋሼ ከኋላ ቀረን። የተረፉትን ባናዎች ላጥፍ ብዬ አንዱን አነሳሁ፤ ጠርዙን ከጠርዙ ማገናኘት አቃተኝ። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ነው። እጄ እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም።

“በረደህ እንዴ?” አለኝ ወንድም ጋሼ።

“አዎ፣ በረደኝ” አልኩት።

ባናውን ከእጄ ተቀብሎ አጠፈልኝ። ሦስት ሴት ልጆች የዳረ ሰው ነው፤ ሌላ አልጠየቀኝም።